ፋጉሎና ፉርሽካ ከአዳማ ወደ ውጭ፦ ከታሪፍ ቁጥር እስከ ኮንቴይነር

አዳማ ውስጥ ዘይት የሚጨምቅ ወይም ዱቄት የሚፈጭ ሰው አንድ ሐሳብ ሳይመጣለት አይቀርም። «ይህን ፋጉሎ ለምን ውጭ አንልከውም? በዶላር ይሸጣል እኮ!» ቀጥሎ የሚጠየቀው ደግሞ «ቀረጡ ስንት ነው?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን ቦታው መጀመሪያ ላይ አይደለም። የግብርና ማቀነባበሪያ ተረፈ ምርት ላይ ቀረጥ ብዙ ጊዜ ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ላኪውን የሚጥለው ሌላ ነው፦ የተሳሳተ የታሪፍ ቁጥር፣ ያልተለካ እርጥበት፣ ኮንቴይነር ውስጥ ከዕቃው ጋር የሚጓዝ አየር። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ያወጣሁት ይህን አስቤ ነው። ለትንሽና ለመካከለኛ ዘይት ቤት፣ ለዱቄት ፋብሪካ፣ ከእነሱ ሰብስቦ ለሚሸጥ ነጋዴም ይሆናል። የወንጂ ሞላሰስ ግን ሌላ ዓለም ነው። የሚጓዘው በቦቴ ነው፤ ገበያውም የፋብሪካው ነው። ቁጥሩን ብቻ ጠቅሼው አልፋለሁ።

1. መጀመሪያ የአገር ውስጡን ዋጋ ያዙ

ካልኩሌተር ከማውጣታችሁ በፊት ፋጉሎው ዛሬ ፋብሪካ በር ላይ በኩንታል ስንት እንደሚሸጥ ጻፉ። ከጆንያው ጋር ነው ወይስ ያለ ጆንያ? ገዢው ወዲያው ይከፍላል ወይስ በዱቤ ነው? የአዳማ ነጋዴ ዕድለኛ ነው፤ ገዢ ቅርቡ አለ። የቢሾፍቱ ዶሮና ወተት አርቢ፣ የአርሲ ከብት አድላቢ፣ ሰፈር ውስጥ ሁለት ላም ያላት እናት ሳይቀሩ ይፈልጉታል። የውጭው ዋጋ ወጪው ሁሉ ተቀንሶለት ከዚህ ካልበለጠ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ።

ወቅቱንም አትርሱ። በበጋ ሣር ሲጠፋ መኖ ይወደዳል፤ ከክረምት በኋላ ይረክሳል። ዐቢይ ጾም ላይ ደግሞ ነገሩ ይደበላለቃል። ዘይት ስለሚፈለግ መጭመቂያው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ፋጉሎ ይከመራል። ወተት ግን ስለሚቀዘቅዝ ላም ያለው ሰው መኖ ይቀንሳል። የአንድ ወር ዋጋ ይዛችሁ የዓመት ውል አትፈርሙ።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ጥያቄ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዳችሁ ጠይቁ። «ይህን ዕቃ አሁን መላክ ይፈቀዳል?» መኖ በሚጠበብበት አገር መንግሥት ተረፈ ምርት እንዳይወጣ ሊገድብ ይችላል፤ የቆዳውን ታሪክ የሚያስታውስ ያውቀዋል። ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳ እንዳይወጣ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረጥ ተጥሎበታል፤ መጠኑም እስከ 150 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዙ።

2. የታሪፍ ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጉ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ሁሉም ነገር በዚህ ቁጥር ይንጠለጠላል። ቀረጡም፣ ፈቃዱም፣ የላቦራቶሪ ምርመራውም።

የታሪፍ ቁጥር ማለት ጉምሩክ ዕቃውን የሚለይበት ቁጥር ነው፤ ኤችኤስ ኮድም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በመላው ዓለም አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። አሁን የሚሠራበት ዕትም የ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ከድሮ ደረሰኝ ላይ ቁጥር ገልብጦ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ዕትሙን ጠይቁት።

የመኖና የምግብ ተረፈ ምርት ቤቱ ምዕራፍ 23 ነው። ለእኛ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦

የስንዴ ፉርሽካ 2302.30፣ የበቆሎ 2302.10፣ የሌላ እህል 2302.40፣ የባቄላና የሽምብራ ገለፈት 2302.50።
የአኩሪ አተር ፋጉሎ 2304፣ የለውዝ 2305።
የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ 2306.10፣ የተልባ 2306.20፣ የፈረንጅ ሱፍ (ሰንፍላወር) 2306.30።
የኑግና የሰሊጥ ፋጉሎ የራሳቸው መስመር የላቸውም። «ሌሎች» በሚለው 2306.90 ውስጥ ይገባሉ።
የቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርት 2303.30፣ ባጋስ (የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ገለባ) 2303.20።

አሁን ወጥመዶቹ። ሞላሰስ ምዕራፍ 23 ውስጥ የለም። የስኳር ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ 1703.10። የቡና ገለፈትም ከቡናው ጋር 0901.90 ላይ ተቀምጧል። የጎመን ዘር ፋጉሎ ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ባለው የኤሩሲክ አሲድ መጠን ለሁለት ይከፈላል፤ 2306.41 እና 2306.49። የእኛ አገር ጎመን ዘር አሲዱ ከፍ ያለ ነውና የመጀመሪያው ላይ አይወድቅም።

ፉርሽካም የራሱ ጣጣ አለው። ወንፊቱ ላልቶ ዱቄት ከበዛበት ፉርሽካ መሆኑ ይቀርና ዱቄት ይሆናል። ለስንዴ መስፈሪያው ስታርችና አመድ ነው። ስታርቹ ከ45 በመቶ በላይ፣ አመዱ ደግሞ ከ2.5 በመቶ ያልበለጠ ከሆነ ዕቃው ወደ ምዕራፍ 11 ይሄዳል። የዱቄት ቀረጥ ከመኖ ቀረጥ ጋር አንድ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው «ሁሉም መኖ ነው» የሚለው አነጋገር ነው። ፋጉሎውን ከፉርሽካ፣ ከጨውና ከቫይታሚን ጋር ከቀላቀላችሁት 2309 ይሆናል፤ የተዘጋጀ መኖ ማለት ነው። ካልቀላቀላችሁት አይደለም። አንዳንድ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ለቅልጥፍና ብሎ ሁሉንም እዚያ ሊጨምረው ይችላል። ወረቀቱ እናንተ ጋ በሰላም ያልፋል፤ ፍዳው የሚመጣው ገዢው አገር ወደብ ላይ ነው። የገዢውን ትራንዚተር በኢሜይል «ይህን ዕቃ በየትኛው ቁጥር ታስገቡታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ ቁጥር ጋር ካልገጠመ ከውሉ በፊት ተነጋገሩ።

3. አሁን ቀረጡን ተመልከቱ

ቀረጥ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ከዋጋው በመቶኛ የሚሰላ ነው። ሌላው በቶን የተቆረጠ ነው፤ ዋጋው ረከሰም ተወደደም ያው ነው። ተረፈ ምርት ርካሽ ስለሆነ ሁለተኛው ይጎዳዋል።

የአውሮፓ ኅብረትን እንውሰድ። የኑግና የሰሊጥ ፋጉሎ በመደበኛው ታሪፍም ያለ ቀረጥ ይገባል። የስንዴ ፉርሽካ ግን በመደበኛው ታሪፍ በቶን 44 ዩሮ ወይም 89 ዩሮ አለበት፤ የሚወስነው በዋናነት የስታርቹ መጠን ነው። በርካሽ ዕቃ ላይ 89 ዩሮ ማለት በር መዝጋት ነው። ለኢትዮጵያ ግን ይህ አይሠራም። በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» የተባለው ዕድል በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች ዕቃ ቀረጥንም ኮታንም አንስቷል። ሌላው ተወዳዳሪ ሲከፍል እናንተ አትከፍሉም። ከፋጉሎ ይልቅ ፉርሽካ ላይ ጥቅሙ የሚጎላው ለዚህ ነው።

ቻይናም ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ካላቸው በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አገሮች ለሚመጣ ዕቃ በሙሉ ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች። ዜሮ ቀረጥ ማለት ግን ዕቃው ይገባል ማለት አይደለም። ቻይና ለመኖ ዕቃ ከአገሩ መንግሥት ጋር የኳራንቲን (የተባይና የበሽታ ቁጥጥር) ስምምነት ትፈልጋለች፤ አምራቹም በእሷ ጉምሩክ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች። የቻይና ደንበኛ «ቀረጥ የለም፣ ላኩ» ካላችሁ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ስለ ስምምነቱ ጠይቁ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች የጋራ ታሪፍ ለአብዛኛው ዕቃ 5 በመቶ ነው። ያን ያህል አያስፈራም። ጅቡቲ፣ ኬንያና ሱዳን ደግሞ ቅርብ ናቸው። ኢትዮጵያ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ብትሆንም በነፃ የንግድ ቀጣናው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስላልገባች በኮሜሳ ስም ዜሮ ብላችሁ አትገምቱ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ግን ቀረጡ የሚነሳው በየዓመቱ እየተሸራረፈ ነው። በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች 10 ዓመት ድረስ ተሰጥቷል። የየአገሩን ሰንጠረዥ በየቁጥሩ ማየት ግድ ነው።

ይህን ሁሉ ቤታችሁ ሆናችሁ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። ለአውሮፓ «አክሰስ ቱ ማርኬትስ»፣ ለሌላው ዓለም «ማርኬት አክሰስ ማፕ» የተባሉት ድረ ገጾች አሉ። ባለ 6 አሃዝ ቁጥራችሁንና አገሩን ማስገባት ነው። ውጤቱን በቀኑ አትማችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።

4. ዕቃው «የኢትዮጵያ ነው» ለማለት ምን ይዛችኋል?

ዕድሉ የሚሰጠው ለኢትዮጵያ ዕቃ እንጂ ከኢትዮጵያ ለተጫነ ዕቃ አይደለም። ኑጉ ከወለጋ ወይም ከጎጃም መጥቶ አዳማ ከተጨመቀ ነገሩ ቀላል ነው። ዱቄት ፋብሪካው ከውጭ የመጣ ስንዴ ከፈጨ ግን የፉርሽካው መነሻ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው ሁለቱንም ስንዴ እያፈራረቀ የሚፈጭ ከሆነ የአገር ውስጡን ፉርሽካ ለብቻው አስቀምጡ፤ የስንዴውን የግዢ ደረሰኝም አብራችሁ ያዙ።

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ጭነት ዋጋው እስከ 6,000 ዩሮ ከሆነ ማንኛውም ላኪ ኢንቮይሱ ላይ የመነሻ መግለጫ መጻፍ ይችላል። ከዚያ ከበለጠ ሬክስ በሚባለው የተመዘገቡ ላኪዎች ሥርዓት ውስጥ ቁጥር ማውጣት ይጠይቃል። ምዝገባውን ገዢ ከተገኘ በኋላ ሳይሆን አሁን ጀምሩት። ዕድል ለማይሰጥ ገበያ ደግሞ የንግድ ምክር ቤት የሚሰጠው መደበኛ የመነሻ ምስክር ወረቀት ይበቃል።

5. ዕቃውን አስተካክሉ

ፋጉሎ በራሱ ይሞቃል። ይህን ዘይት ቤት ያለው ሁሉ ያውቃል፤ ክምር ውስጥ እጁን ከቶ ፈጥኖ ያወጣ ሰው አይጠፋም። መርከብ ላይ ግን ይህ የእሳት አደጋ ነው። በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች የባሕር ጭነት ደንብ ፋጉሎ ምድብ 4.2 ላይ ተቀምጧል፤ በራሳቸው ከሚነዱ ነገሮች ጋር። ዘይቱ ከ1.5 በመቶ በላይ ከሆነ ቁጥሩ ዩኤን 1386 ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ዩኤን 2217 ነው። ሁለቱም ላይ እርጥበቱ ከ11 በመቶ መብለጥ የለበትም።

የእኛ ትንንሽ መጭመቂያዎች ዘይቱን አሟጠው አያወጡም። ፋጉሎው ውስጥ 8፣ 10 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘይት ይቀራል። ይህ ለላሟ መልካም ነው፤ ለመርከቡ ግን አይደለም። ስለዚህ የመርከብ ድርጅቱን ወኪል ዋጋ ስትጠይቁ «የእንስሳት መኖ» ብላችሁ አትለፉት። ስሙን፣ የዘይቱን መጠን፣ እርጥበቱን ንገሩ። የአደገኛ ዕቃ ክፍያ ሊጨምር ይችላል፤ ወኪሉ ጭራሽ አልጭንም ሊልም ይችላል። ደብቆ መጫን ግን አይታሰብ፤ ጅቡቲ ላይ ሲታወቅ ኮንቴይነሩ ቆሞ በየቀኑ ኪራይ ይቆጥርባችኋል።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከመጭመቂያው የወጣውን ትኩስ ፋጉሎ ጆንያ ውስጥ አትክተቱ። ጥላ ስር ሲሚንቶ ወለል ላይ በስሱ አሰጡት፤ በየሰዓቱ አገላብጡት። የአዳማ ነፋስ ለዚህ ይጠቅማል። ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ በእርጥበት መለኪያ ለኩ። እኔ ብሆን ከ10 በመቶ በላይ ያለውን አልጭንም። ጆንያውን ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩ። ኮንቴይነሩ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ስቀሉ። ከከፍታ ቦታ የተነሳ ዕቃ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያልባል፤ ላቡ ከጣራው ላይ ይንጠባጠባል፤ የላይኛው ጆንያ ይሻግታል።

ሻጋታ ካልን አፍላቶክሲን አለ፤ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የወተት አርቢዎች ዘንድ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የተመረመረው መኖ ሁሉ አፍላቶክሲን እንዳለበት አሳይቷል። መጠኑ በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ነበር፤ ዋነኛ ተጠርጣሪውም የኑግ ፋጉሎ ነበር። አውሮፓ ለመኖ ጥሬ ዕቃ የምትፈቅደው የአፍላቶክሲን ቢ1 መጠን በኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው። ርቀቱን እዩት። የኑግ ፋጉሎ ላይ ትልቁ ታሪፍ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አፍላቶክሲን የሚጀምረው ከፋጉሎው ሳይሆን ከፍሬው ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩን ኑጉ ሲገዛ ጀምሩ። የረጠበ፣ የሸተተ፣ ያደረ ፍሬ ለውጭ ገበያ በሚጨመቀው ውስጥ አይግባ። ናሙና ስታወጡ ከአንድ ጆንያ አንድ ጭብጥ አትውሰዱ። ሻጋታው በክምሩ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አንዱ ጆንያ ንጹሕ፣ ጎረቤቱ የተበከለ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ጥቂት ጥቂት አውጥታችሁ ቀላቅሉ። ከድብልቁ አንዱን ለኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ወይም ገዢው ለሚቀበለው ላቦራቶሪ ስጡ። ሌላውን አሽጋችሁ እናንተ ጋ አስቀምጡ። የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚሠራ ውሉ ላይ ይጻፍ። አለዚያ ሁለት ውጤት ይዛችሁ ስትጨቃጨቁ ነው የምትከርሙት።

አሸዋና ገለባ መቀላቀል ለሚያምረው ሰው ደግሞ፦ የውጭ ላቦራቶሪ በአሲድ የማይሟሟውን አመድ ይለካል። አሸዋው እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል።

6. አየር አትላኩ

የላላ የስንዴ ፉርሽካ በአንድ ሜትር ኩብ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። በ250 ኪሎ ብናሰላው ከ8 ቶን ብዙም አያልፍም። የኮንቴይነሩ ኪራይ ግን ሞላ አልሞላ ያው ነው።

ፉርሽካው በፔሌት ማሽን ተጨምቆ ትንንሽ ድፍን እንክብል (ፔሌት) ሆኖ ከወጣ በሜትር ኩብ ወደ 600 ኪሎ ይጠጋል። ያው ኮንቴይነር 20 ቶን ያህል ይጭናል ማለት ነው። ከአዳማ እስከ ገዢው ወደብ ጠቅላላው ማጓጓዣ 2,000 ዶላር ነው እንበል፤ ለስሌት ያህል ነው። የላላው በቶን 250 ዶላር ይደርስበታል። ፔሌቱ 100 ዶላር። ልዩነቱ 150 ዶላር ነው። አሁን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ 44 ዩሮ የነበረውን ቀረጥ እዩት። የቀረጥ ዕድሉ ከሚያተርፍላችሁ ይልቅ ማሽኑ የሚያተርፈው ይበልጣል።

ፔሌት ማሽን ከሌላችሁ ተከራዩ፤ ወይም ካለው የመኖ ማቀነባበሪያ ጋር በኩንታል ተዋዋሉ። ያም ካልሆነ ፉርሽካውን ለአገር ውስጥ ትታችሁ ፋጉሎ ላይ አተኩሩ። ፋጉሎ ከባድ ነው፤ ኮንቴይነሩን በክብደት ይሞላዋል። ፔሌት ማድረግ ብቻውን ዕቃውን ወደ 2309 አይወስደውም፤ ሌላ ነገር እስካልተቀላቀለበት ድረስ።

መንገዱ ለአዳማ ሰው ቅርብ ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይርቅም። የጅቡቲው የባቡር መስመርም በአዳማ በኩል ያልፋል። ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚመለስ ኮንቴይነር ብዙ ስለሆነ በወጪ ጭነት ዋጋ መደራደር ይቻላል። የባቡሩንም የከባድ መኪናውንም ዋጋ ጎን ለጎን ጠይቁ።

7. ወረቀቱ

የላኪነት ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ የሽያጭ ውል ይፈረማል፤ ይመዘገባል። ባንካችሁ የወጪ ንግድ ፈቃድ ይሰጣል። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከግብርና ባለሥልጣን ይወጣል። አብዛኛው ማመልከቻ አሁን የየመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በአንድ ቦታ በኢንተርኔት በሚጠየቅበት የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት በኩል ነው የሚገባው። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) ይሞላል፤ ጉምሩክ ያያል፤ ኮንቴይነሩ ይታሸጋል። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት (የእሽግ ዝርዝር) እና ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ላይ የዕቃው ስም፣ ክብደትና የታሪፍ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ራሳችሁ አንብቡ። አንዱ ላይ «ኑግ ኬክ» ሌላው ላይ «አኒማል ፊድ» ከተባለ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ጥያቄ ይሆናል።

ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ነው። ስትገዙ 15 በመቶውን ከፍላችሁ ከሆነ ይመለስላችኋል፤ ደረሰኝ ካላችሁ። ከየመንደሩ ያለ ደረሰኝ የተሰበሰበ ፋጉሎ ግን የሚመለስ ነገር የለውም። ዋጋ ስታወጡ ይህን ቁጠሩ።

8. ገንዘቡ

ከአዲስ ገዢ ጋር ቅድሚያ ክፍያ ወይም ኤልሲ (የገዢው ባንክ ለመክፈል ዋስ የሚሆንበት) ይሻላል። ገዢው ሰነዱን ሲረከብ በሚከፍልበት፣ ሲኤዲ በሚባለው መንገድ ግን፣ ገዢው ሰነዱን አልወስድም ካለ ርካሽና የሚበላሽ ዕቃ ሩቅ ወደብ ላይ ይቀርባችኋል። ለመመለስ የሚወጣው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

አንድ የድሮ ልማድ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ብዙ ላኪ በኪሳራ ይልክ ነበር። ዶላሩን አግኝቶ በሚያስመጣው ዕቃ ላይ ያካክሰዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ስሌት ያረጀ ይመስለኛል። ያኔ የወጣው መመሪያ ላኪው ከገቢው 50 በመቶውን በራሱ ሒሳብ እንዲያቆይ ፈቅዷል። መመሪያ ይቀያየራልና ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዕለቱን ደንብ ከባንካችሁ ጠይቁ። ፋጉሎው በራሱ ካላተረፈ ግን አትላኩት።

ጭነቱ ከወጣ በኋላ ያሸጋችሁትን ናሙና ገዢው መቀበሉን በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ አትጣሉ። የመነሻ መግለጫ የጻፋችሁበትን ጭነት ፋይል ደግሞ መግለጫው ከተጻፈበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቢያንስ ለ3 ዓመት አቆዩት። የአውሮፓ ጉምሩክ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄው ሲመጣ የኑጉን የግዢ ደረሰኝ ጭምር ነው የሚፈለገው።